ከበሩ እስከ አልጋው

ለወንድም ጋሼ፣

እንደምን ሰንብተሃል? ሥራህ፣ ልጆችህ፣ ብርድ በገባ ቁጥር የሚያስነክስህ ጉልበትህስ እንዴት ነው? ባለቤትህንስ ያ የራስ ምታቷ ተዋት? እኛ ደህና ነን። ይህን «ደህና ነን» የሰላምታ ማሟያ ነው ብለህ እንዳታልፈው፤ አስቤበት የጻፍኩት ነው። እማዬ ፊቷን ታጥባ፣ ጸጉሯን ተጎንጉና፣ መስኮቱ ሥር ወንበሯ ላይ ተቀምጣለች። እኔም ስፌት መኪናዬ ላይ ወረቀት ዘርግቼ ይህን እጽፍልሃለሁ። ሃያ ስምንት የተማሪ ሸሚዝ ኮሌታ ይጠብቀኛል፤ ይጠብቀኝ።

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ መጀመሪያ ቆሜ፣ ቀጥሎ ተቀምጬ፣ በመጨረሻ ደግሞ ለእማዬ ጮክ ብዬ። አዎ፣ አነበብኩላት። የታሰረው አንደበቷ ነው እንጂ ጆሮዋማ ከእኔም ከአንተም ይሻላል። «በወሩ መጨረሻ ቅዳሜ መኪና ይዤ እመጣለሁ፤ የአረጋውያን መጦሪያው ቦታ ይዞልናል፤ ልብሷን አዘጋጂ» የሚለው ጋ ስደርስ ዐይኗን ጨፈነች። እስክጨርስ ድረስ አልገለጠችውም።

እንግዲህ ሳልዞር መልሴን ልንገርህ። ልብሷን አላዘጋጅም። ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው ከታመመች፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ልብሷን ያጠብኩ፣ የተኮስኩ፣ ሲሰፋት ያጠበብኩ እኔ ነኝ፤ ሻንጣ ውስጥ ግን በእጄ አልከተውም። አመጋገቤንም አልቀይርም። ስፖርቱንም አልተውም። አንተ እነዚህን ሦስቱን አንድ ላይ ጠቅልለህ «ራስሽን አስርበሽ፣ በዚያ ላይ እየዘለልሽ፣ እንደ መጥረጊያ ቀጥነሽ፣ ራስሽን ችለሽ መቆም ሲያቅትሽ ነው እናታችንን የምታነሺው?» ብለሃል። ጥሩ ጥያቄ ነው። እመልስልሃለሁ። ስለዚያ «አሠልጣኝ ነኝ ባይ ሰውዬ» የጠየቅከኝንም እመልስልሃለሁ፤ ግን ተራው እስኪደርስ ታገሥ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ ልጀምር።

እማዬ ቀኝ ጎኗ ሽባ ሆኖ ከሆስፒታል የወጣችበትን ቀን ታስታውሳለህ። አንተ የሐኪም ወረቀቶቹን ይዘህ ነበር። ሁለት ጎበዛዝት በቃሬዛ ተሸክመዋት ሦስተኛ ፎቅ ሲወጡ እኔ ከኋላ ነበርኩ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ስደርስ ልቤ በአፌ ልትወጣ ስትል ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። እነሱ እማዬን አልጋ ላይ አስተኝተው ሲወርዱ እዚያው አገኙኝ። አንደኛው፣ አፉ የማያርፍ ቢጤ ነው፣ ቃሬዛውን ወደ እኔ ዘንበል አድርጎ «እህቴ፣ አንቺንም እናውጣሽ?» አለኝ። ጓደኛው ሳቁን ለመደበቅ ግድግዳውን አየ። እኔም ሳቅኩ። ሌላ ምን አደርጋለሁ።

ዘጠና አንድ ኪሎ ነበርኩ ወንድም ጋሼ። ወገቤ መቶ አሥራ ሁለት ሴንቲ ሜትር። ልብስ ሰፊ ስለ ሰውነቷ ራሷን ማታለል አትችልም፤ ሜትር አይዋሽም፣ የሚዋሸው ሜትሩን የሚያጠብቀው እጅ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት መኪና ላይ ተቀምጬ የሰውን ሁሉ ወገብ ስለካ የራሴን የምለካው ቀሚስ ሲተረተርብኝ ብቻ ነበር። «ሆድ ካገር ይሰፋል» ሲባል የምሰማውን እኔ ስለ ራሴ የተነገረ አድርጌ እወስደውና እንደ ቀልድ እስቅበት ነበር።

በሳምንቱ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ መጣች። እማዬን ከአልጋ ወደ ወንበር እንዴት እንደማዛውራት አሳየችኝ። ጉልበት በርከክ፣ ወገብ ቀጥ፤ የሚያነሳው ጀርባ ሳይሆን እግር ነው። ለእሷ ቀላል ነበር። ተራዬ ደርሶ በርከክ ስል፣ እማዬን ማንሳቱ ቀርቶ እኔ ራሴ መነሳት አቃተኝ። ሁለታችንም አልጋው ላይ ተደራርበን ወደቅን። ሴትየዋ አልሳቀችም። እጄን ይዛ አስነሳችኝና «እናትሽን ከማንሳትሽ በፊት አንቺ ተነሺ» አለችኝ። ይህን ተናግራ ቦርሳዋን ይዛ ወጣች። እኔም በማግስቱ ጤና ጣቢያ ሄድኩ።

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ግን ረጋ ያለ ሰው ነው። ስኳሬንም የደም ግፊቴንም ለክቶ፣ ችግር እንደሌለብኝ አረጋግጦ፣ ምግቤን በስምንት ሰዓት ውስጥ እንድጨርስ፣ የቀረውን አሥራ ስድስት ሰዓት ውሃ ብቻ እንድጠጣ ነገረኝ። «በዚያ በስምንቱ ሰዓት ደግሞ ጠግበሽ ብዪ፤ እንቁላል፣ ምስር፣ ሥጋ፣ አትክልት። ይህ ሰዓት የመምረጥ ጉዳይ ነው እንጂ ራስን የመቅጣት አይደለም» አለ። ከዚያም ስፖርቱን አስከተለ። መጀመሪያ ሁለት ሳምንት የምግቡን ሰዓት ብቻ ልመድ፤ ቀጥሎ የእግር መንገድ ልጨምር፤ ክብደት ማንሳቱን በመጨረሻ፣ ያውም በሳምንት ሦስት ቀን፣ ያውም ሆዴ ባዶ ሳይሆን። ካዞረኝ ደግሞ ወዲያው ልተውና ልብላ። እኔ ሁሉንም «እሺ፣ እሺ» እያልኩ ራሴን ነቀነቅኩ። መነቅነቅ ቀላል ነው።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይላሉ፤ እኔ ደግሞ ስቸኩል እንኳን ላፈስኩት ለረገጥኩትም ደንታ የለኝም፤ ታውቀኛለህ። ሁለት ሳምንት የሚለውን በሦስት ቀን ጨረስኩት። ከቀኑ ስድስት ሰዓት በፊት ምግብ ወደ አፌ አላስጠጋም አልኩ። ጠዋት ደረጃውን ሦስት ጊዜ መውጣትና መውረድ፣ ቁጢጥ ብድግ፣ ግድግዳ መግፋት፣ ባለ አምስት ሊትር ጀሪካን ውሃ በሁለት እጄ ማንሳት፤ ሁሉንም በአንድ ሳምንት ጀመርኩ። ሰኞ ሰኞ የሰፋሁትን ላስረክብ ወደ ስፌት ቤቱ ስሄድ ሴቶቹ ዳቦ በሻይ ሲበሉ እኔ ውሃዬን ይዤ እቀመጣለሁ። የቤቱ ባለቤት ያኮረፍኳት መስሏት ይቅርታ ጠየቀችኝ፤ በምን እንደሆነ ግን እሷም አታውቀውም። ኮሌታ የምትተኩሰዋ ደግሞ «እንዲህ የሚያደርገው ፍቅር ነው» ብላ ለሁሉም አወራች። ቀሚሴን በወሩ ሁለት ጊዜ አጠበብኩት። ኩራቴን ብታየው ታፍርብኝ ነበር።

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ የዋሸሁህ። ቁጭ ብለህ አንብበው።

ካቻምና በሚያዝያ እማዬ ከአልጋ ወደቀች ብዬ ነግሬህ ነበር። ለአክስታችንም ያንኑ ነው የነገርኳቸው። ራጅ ያነሳው ሐኪምም በካርዱ ላይ «ከአልጋ በመውደቅ» ብሎ ጽፎታል። አንተም ደብዳቤህን የገነባኸው በዚህች በአንዲት ዓረፍተ ነገር ላይ ነው፤ «ከአልጋ እስክትወድቅ የት ነበርሽ?» ብለሃል። የት እንደነበርኩ ልንገርህ።

አምስተኛው ሳምንት ነበር። በዋዜማው ሦስት ደርዘን ሸሚዝ ይፈለግ ስለነበር ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንድ ቁራሽ ዳቦ በሻይ ጎርሼ መኪናዬ ላይ ተተከልኩ። እራት ረሳሁ። ሰዓቴ እንዳለፈ ሳይ «እንግዲህ ጉድ በል፣ አላፈርሰውም» ብዬ ተኛሁ። ሐኪሙ ጠግበሽ ብዪ ያለኝን ትቼ አትብዪ ያለኝን ብቻ ነበር የያዝኩት። በማግስቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሳሁ፤ እማዬን አገላበጥኩ፣ ፊቷን ለማጠብ የአልጋውን ብረት ዝቅ አደረግኩ፣ አጥቤያት እንቅልፍ መልሶ ሲወስዳት እንዳልረብሻት ብዬ ብረቱን ሳልመልሰው ወደ ስፖርቴ ሄድኩ። መቶ ቁጢጥ ብድግ። ውሃ እንኳ አልጠጣሁም። ከዚያ ጀሪካኖቹን። በመጨረሻ ወደ ቦታቸው፣ በሩ ሥር፣ ላስቀምጣቸው ጎንበስ አልኩ። ቀና ስል ጆሮዬ ጮኸ፤ የበሩ እጀታ ከፊቴ ወደ ላይ ሲሄድ አየሁት። ወደ ታች የምሄደው ግን እኔ ነበርኩ።

ዐይኔን ስገልጥ ሲሚንቶው ጉንጬን አቀዝቅዞታል። ግንባሬ ላይ ደግሞ እጅ አለ። ግራ እጇ ነው። ልጆች ሆነን ትኩሳት ሲይዘን እንዴት በእጇ ጀርባ እንደምትለካን ታስታውሳለህ? እንደዚያ። እማዬ አጠገቤ በጎኗ ተኝታለች፤ የሌሊት ልብሷ ተጠቅልሎ፣ አንድ ጉልበቷ ተልጦ። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ ግን የለውም። ለምን ያህል ጊዜ እንደዚያ እንደቆየን አላውቅም።

ሲስተር የመጡት እንደ ልማዳቸው በሁለት ሰዓት ነው። ሲስተር ያልኩህ ታች ሁለተኛ ፎቅ የሚኖሩትን ጡረታ የወጡትን ነርስ ነው። በየጠዋቱ መጥተው የደም ግፊቷን ለክተው፣ መድኃኒቷን ሰጥተው ይሄዳሉ፤ ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የሚባለው ለእሳቸው ነው። ቁልፍ ስላላቸው ከፈቱ፤ በሩ ግን አልገፋ አላቸው። እግሬ ነበር የያዘው። በትከሻቸው ገፍተው በጠባቧ ክፍተት ገቡ። እኔን አዩ፣ እማዬን አዩ፤ ከዚያ ቀና ብለው መስኮቱ ሥር ያለውን ባዶ አልጋ አዩ፣ መልሰው እኛን። አርባ ዓመት በሽተኛ ያዩ ሴት ናቸው፤ መጥተው አጠገባችን ወለሉ ላይ ቁጭ አሉ። ቀድመው በእኔ አፍ ውስጥ ስኳር የበዛበት ውሃ ጨመሩ። ቀጥለው የእማዬን እግር ከላይ እስከ ታች በጣታቸው ሄዱበት፤ ምንም አልተሰበረም። ከዚያ ሁለታችንንም በየቦታችን መለሱን።

«ለልጅዎ ምን ልበለው?» ብዬ እማዬን በእሳቸው ፊት ጠየቅኳት፤ አንቱ ያልኳት እፍረት ይዞኝ ነው። እሷ ግድግዳውን አየች። ሲስተር «የሆነውን ነዋ» አሉኝ። እኔ ግን ራሴን ስቼ መውደቄን ከሰማህ በማግስቱ መኪና ይዘህ እንደምትመጣ አውቅ ነበር። ስለዚህ ከአልጋ ወደቀች አልኩ። አየህ፣ የራሴን ውድቀት አንሥቼ በእሷ ላይ ጫንኩት። ሕይወቷን ሙሉ ለወደቀ ልጅ «ተነሣ፣ አቧራህን አራግፍ» ስትል የኖረች ሴት በሐኪም ካርድ ላይ ከአልጋ የምትወድቅ አሮጊት ሆነች። ይህን ያደረግኩት እኔ ነኝ፤ ይቅርታ የምጠይቀው ግን እሷን ነው፣ አንተን አይደለም።

በማግስቱ ሐኪሙ ጋ ሄጄ ሁሉንም ተናዘዝኩ። ተቆጣ። ረጋ ያለ ሰው ሲቆጣ ደግሞ አያድርስ ነው። «የምግቡ ሰዓትና ስፖርቱ ተስማምተው መሥራት ይችላሉ፤ ያልተስማማሽው አንቺ ነሽ» አለኝ። ልተወው ወይ ስለው «አይ፣ አሠራሩን ተማሪ» አለኝ።

ለመማር ምክንያት የሆነኝ ሌላ ነገር ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ እማዬ ጠዋት የአጃዋን ሾርባ በማንኪያ ሳቀርብላት አፏን ግጥም ማድረግ ጀመረች። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን። ስለምናት፣ ስቆጣ፣ ስዘፍንላት፣ ወይ ፍንክች። እሷ የስኳር መድኃኒት የምትወስድ ሰው ናት፤ ሳትበላ ብትቀር በሽታ ነው። በሦስተኛው ቀን ተናድጄ ማንኪያውን በራሴ አፍ ውስጥ ከተትኩት። ከንፈሯ ወዲያው ተከፈተ። ሁለተኛውን ማንኪያ ሰጠኋት፤ ዋጠች። ሦስተኛውን ልሰጣት ስል ዘጋች። ተራው የእኔ ነበር። እንደዚህ እየተፈራረቅን ሳህኑን ጨረስነው። እሷ ቁርስ የማትበላን ሴት አትሰማም ማለት ነው።

ስለዚህ ሰዓቴን አዛወርኩት። ሐኪሙም ምንም አይደለም አለ፤ ሰዓቱ ወደፊትም ወደኋላም ሊሄድ ይችላል፣ ዋናው አለመዋዠቁ ነው። አሁን ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከእማዬ ጋር እጀምራለሁ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ እዘጋለሁ። ማታ እሷ ሾርባዋን ስትጠጣ እኔ ውሃዬን ይዤ አብሬያት እቀመጣለሁ፤ በዚህ ተስማምተናል። ጠዋት ገና ሳልበላ የማደርገው የእግር መንገድ ብቻ ነው። ክብደት የማነሳው ቁርስ ከበላሁ ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ፣ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የተባለውን በአርባ ስድስት ዓመቴ ነው የገባኝ።

እንግዲህ ወደ ሰውዬው ልምጣልህ። አክስታችን አንድ ረቡዕ ሳይነግሩን መጥተው፣ በር ሊያንኳኩ ሲሉ እኔ ውስጥ «አራት፣ አምስት» እያልኩ ሳለከልክ፣ ከዚያም አንድ ሌላ ሰው ቀጭ ቀጭ እያደረገ ሲመታልኝ ሰሙ። ደረጃውን ተመልሰው ወረዱ፤ እዚያው መንገድ ላይ ቆመው ለአንተ ስልክ ደወሉ። «በታመመች እናቷ ፊት ወንድ አስገብታ» አሉህ አይደል? ቢገቡ ኖሮ አሠልጣኜን ያገኟት ነበር።

ፊሽካዋን ታስታውሳለህ? እማዬ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የስፖርት መምህርት ሆና አንገቷ ላይ ያንጠለጠለችው የብረቱ ፊሽካ። አንተን በስድስተኛ ክፍል በጓደኞችህ ፊት ሜዳውን ሁለት ዙር ያስሮጠችህ፣ ልጇ ነህ ብላ ሦስተኛውን የጨመረችብህ። መንፋት አትችልም፤ አፏ በአንድ ጎን አየሩን ያፈሰዋል። ግን በግራ እጇ ይዛ የአልጋውን ብረት ትመታበታለች። እኔ ቁጢጥ ብዬ ስነሳ አንድ ጊዜ ቀጭ። ጉልበቴን በደንብ ሳላጥፍ ባጭበረብር አትመታም፤ ያልተመታ ደግሞ አይቆጠርም። አሥር ነው ብዬ ስጨርስ እሷ ዝም ብላ ታየኛለች፤ በእሷ ቆጠራ ሰባት ነኝ። የደከመኝ ቀን ደግሞ አሥራ ሁለት ታደርገዋለች። አንዲት ቃል ሳትናገር እንዲህ የምታስለቅስ አሠልጣኝ የት አገር እንዳለ ንገረኝ። ለአክስታችን ይህን ብትነግራቸው ያፍራሉና ተዋቸው፤ ወሬው ለእሳቸው ይሁን።

አሁን ሰባ አራት ኪሎ ነኝ። ወገቤ ሰማንያ ዘጠኝ። መጥረጊያ ያልከው ይህ ነው። ክንዴን ብታየው ግን መጥረጊያ ሳይሆን አጣና ያህላል። ጀሪካኖቹን ይዤ ከምድር ቤት እስከ ሦስተኛ ፎቅ ሳላርፍ እወጣለሁ። ለእማዬ ማንሻ የሚሆን ቀበቶም ሰፍቼላታለሁ፤ ከድንኳን ሸራ፣ በሰባት መስመር ስፌት፣ አራት እጀታ ያለው፣ ውስጡን እንዳይፈጋት በጥጥ ጨርቅ የገበርኩት። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ አየችውና ለሌሎች በሽተኞቿ ሁለት እንድሰፋላት አዘዘችኝ። እማዬ ሃምሳ ስምንት ኪሎ ናት። ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ መታጠቢያ ቤት፣ በቀን ስድስት ጊዜ አነሳታለሁ። ማንንም አልጠራም። ይህን ደብዳቤ ከመጀመሬ በፊትም አንሥቻታለሁ።

መጦሪያው ንጹሕ ነው፣ ነርሶቹ ጥሩ ናቸው ብለሃል። ይሆናል። ሌሎች እናቶቻቸውን ወስደዋል፣ አልፈርድባቸውም፤ ያልቻለ ምን ያድርግ። እኔ ግን እችላለሁ። የቻልኩትን አትችዪም እንድትለኝ አልፈቅድልህም፤ ታላቄ ብትሆንም፣ አባታችን ከሞተ ወዲህ አባቴ ብትሆንም።

አንድ ነገር ልናገርና ተቆጣኝ። እማዬ ከታመመች አራት ጊዜ መጥተሃል። አራቱንም ጊዜ በሩ ላይ ቆመህ፣ ኮትህን ሳታወልቅ፣ ከእኔ ጋር ስለ መድኃኒት፣ ስለ ሐኪም፣ ስለ ዳይፐር አውርተህ፣ «እማዬ፣ ደህና ዋይ» ብለህ ከዚያው ተመልሰሃል። አንድም ቀን አልጋዋ ጋ አልደረስክም። ፈሪ አልልህም። ከልጆቿ ሁሉ ቀድማ ትሮጥ የነበረችውን ሴት እንደዚያ ሆና ማየት አንጀትህ እንዳልቻለ አውቃለሁ፤ ደረጃው ላይ ስትወርድ ስታለቅስም ሲስተር አይተውሃል። እሷ ግን አንተን የምታየው ከሩቅ፣ እንደ ልብስ መስቀያ በር ላይ ቆመህ ነው።

ስለዚህ ቅዳሜ ና። መኪናውንም ይዘህ ና፤ ታች ይቁምልህ። አክስታችንንም አምጣቸው። ቁርስ ከበላን በኋላ፣ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ብትደርስ ጥሩ ነው። በፊታችሁ ቀበቶዋን አስሬ እማዬን ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ አልጋ አነሳታለሁ። እጄ ከተንቀጠቀጠ፣ ወይም እሷ ፊቷን ካጠቆረች፣ ሻንጣዋን እኔው አዘጋጃለሁ፤ ቃሌ ነው። ካልተንቀጠቀጠ ግን መኪናው ባዶውን ይመለሳል። ከዚያ ተራው ያንተ ነው። ቀበቶውን አስይዝሃለሁ፣ ጉልበት በርከክ፣ ወገብ ቀጥ፤ እሷ ትቆጥርልሃለች። ካቃተህ አልስቅብህም። እኔም አቅቶኝ ነበር።

ሌላ ልመና የለኝም፤ አንዲት ብቻ። ቅዳሜ ስትመጣ በሩ ላይ እንዳትቆም። ግባ። ሳሎኑን ስለሰጠናት ክፍሉ ሰፊ ነው፤ አልጋዋም እንደምታውቀው ከወዲያኛው ጥግ፣ መስኮቱ ሥር ነው። ከበሩ እስከ አልጋው ስንት እርምጃ እንደሆነ አልነግርህም፤ እየቆጠርክ ተራመደው። የስፌት መኪናዬን ታልፋለህ፣ ወንበሯን ታልፋለህ። አልጋው ጋ ስትደርስ እጇን ያዝ፤ ከዚያም ዞር ብለህ በሩን እየው። ያን ቀን እኔ የወደቅኩት እዚያ ነበር፤ እሷም ከአልጋዋ ወርዳ እየተሳበች የደረሰችልኝ እስከዚያ ድረስ ነው።

ፈጣሪ መንገድህን ያቅናልህ፣ ጉልበትህን ያጽናልህ፣ ልጆችህን ያሳድግልህ። ለባለቤትህ ሰላምታዬን አድርስልኝ። እማዬም ይህን ሁሉ ጮክ ብዬ ሳነብላት ሰምታ በፊሽካዋ የወንበሯን ክንድ ሁለት ጊዜ መትታለች፤ ላኪው ማለቷ ነው።

ታናሽ እህትህ፣
የእማዬ የመጨረሻዋ ተማሪ